ከካሩሶ እስከ ፓቫሮቲ፦ አንጀታችሁ የገባው ቴነር የቱ ነው?

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ። ይሄን ክር የምከፍተው ሦስት ወር ሙሉ የማወራው ሰው አጥቼ ብቻዬን ስብሰለሰልበት ስለቆየሁ ነው። ሥራዬ ፒያሳ ሞባይል ጥገና ነው፣ ስፒከር ቀይሬ ስሞክር ሁሌ የማጫውታት አንድ ዘፈን አለችኝ፣ የዛን ቀን ግን እሷ አለቀችና ዩቱቡ በራሱ ወደ ሌላ አለፈ፣ አንድ ሰውዬ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ እኔ ብሎን እያጠበቅኩ ነበር፣ ከዛ ድምፁ ከፍ ሲል እጄ ቀጥ አለ። ከጥፍሬ ከማትበልጥ ስፒከር ወጥቶ ሱቁን ሞላው እኮ! ስልካቸውን ሊወስዱ የመጡ እናት ነበሩ፣ "ምንድነው ልጄ፣ ጸሎት ነው?" አሉኝ።

ፓቫሮቲ ነበር፣ ቴነር ነው፣ ከፍ ባለው የወንድ ድምፅ የሚዘፍን ማለት ነው። ፑቺኒ ከጻፈው ቱራንዶት ከሚባለው ኦፔራ፣ ኔሱን ዶርማ የሚለው ዘፈን።

ከዛ ወዲህ ማታ ማታ ስንቱን ሰማሁ መሰላችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትደናገሩ።) ፓቫሮቲ በ1935 ሞዴና የተወለደ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፣ አባትየውም ቴነር ነበሩ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ጣልያንኛ አንድ ቃል ሳላውቅ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ይለይልኛል። ከዛ ዩሲ ቢዮርሊንግ፣ ስዊድናዊው፣ 1911 ተወልዶ 1960 ያረፈ። የሱ ድምፅ ብር ነው፣ ሳያለቅስ ያስለቅሳል። ካሩሶ የሚባለውን ሁሉም የቴነር አባት ይለዋል፣ እኔ ግን ቅጂው እየተንኮሻኮሸ ምንም ሊገባኝ አልቻለም፣ የሚያውቅ ያስረዳኝ። ፍራንኮ ኮሬሊን ለኋላ አቆይቼዋለሁ።

አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ልክ ከሆንኩ ንገሩኝ። ሰው ሁሉ የሚያጨበጭበው ድምፁ ጫፍ ሲደርስ ነው አይደል? እኔ ግን እየሰማሁ በሄድኩ ቁጥር የበለጠብኝ ጫፍ ላይ ደርሶ እዛው ድምፁን ማሳነስ የሚችለው ሰው ነው። እናንተስ?

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ ሸጋ ክር ነው የከፈትከው ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔ ኦፔራ ስሰማ ይጨንቀኛል። ምን አስጮኸው እላለሁ። ደሞ ድምፁ ሁሌ ይንቀጠቀጣል። እኛ እኮ ያደግነው አምባሰል እየሰማን ነው፣ አንዲት ሴት ማሲንቆ ይዛ ከደረቷ ብቻ ስታንጎራጉር ያችን አንዲት ቃል እንዴት እንደምታዞራት፣ እንደምታጥፋት ታውቃለህ፣ ጩኸት የለውም። ቅላጼ ነው። እነዚህ ሰዎች ቅላጼ የላቸውም ቀጥ ብለው ነው የሚወጡት። ለማጣጣል አይደለም፣ በእውነት ምን እንደሚወደድለት ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

መምህር_ዘሐይቅ (ሐይቅ)

ሁለታችሁም ጥሩ ነገር አንስታችኋል። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ ከዛች ትንሽ ስፒከር ልጀምር ምክንያቱም ነገሩ እዛ ላይ ነው ያለው።

ኦርኬስትራ ሲጫወት ጉልበቱ የሚበዛው 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። የሰለጠነ ወንድ ዘፋኝ ደሞ ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ ከድምፅ አውታሮቹ በላይ ያለችውን ቦታ ሲያጠባት ወደ 3000 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት ይፈጠራል፣ ዮሃን ሱንድበርግ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ በደንብ ያጠናው ነገር ነው። እዛ ቦታ ላይ ኦርኬስትራው ደካማ ነው፣ የሰው ጆሮ ደሞ በጣም ንቁ የሚሆነው እዛው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ያለ ማይክ ስድሳ ሰባ መሣሪያን አልፎ ይሰማል። ጣልያኖች ስኩዊሎ ይሉታል፣ እኛ መረዋ ድምፅ የምንለው ያንኑ ነው፣ መረዋ ደወል አይደል? የሞባይል ስፒከር ደሞ ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም፣ 3000 ላይ ግን ጎበዝ ነው። ጦሳ ሥር፣ ሱቅህን የሞላው እሱ ነው።

ቦርከና፣ ጩኸት ብቻ ቢሆንማ ሩቅ አይሄድም ነበር። ደላንታ የኖረ ሰው ያውቃል፣ ከአምባ ወደ አምባ ሲጠራሩ ሰውየው ጉሮሮውን አይቀድም፣ ድምፁን ያሾለዋል፣ ከዛ ገደሉን ይሻገራል። መንቀጥቀጡ ቪብራቶ ይባላል፣ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይሆናል፣ ጉሮሮው ሳይታነቅ ሲቀር በራሱ የሚመጣ ነው። ከዛ በላይ ሲፈጥን እንደ ፍየል ይሆናል፣ ሲዘገይ ይንገዋለላል፣ ያንን አንተም እኔም አንወደውም።

ሐይቅ_ወ_ቪየና

መምህር የሐይቅ ሰው መሆንዎን ሳይ ደስ አለኝ፣ የኔም ትውልዴ እዛው ነው፣ ቪየና 11 ዓመት ሆነኝ። ያሉት በጆሮዬ የደረሰ ነው። እዚህ ኦፔራ ቤት የቁም ቦታ አለ፣ በትንሽ ብር ይገባል፣ ሰው መያዣው ብረት ላይ ሻርፑን አስሮ ቦታ ይይዛል። እኔ ከሥራ በዛው የመጣሁ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ቆሜ፣ ከታች ሰውየው አውራ ጣት ነው የሚያክለው፣ ድምፁ ግን ጎኔ የቆመ ያህል ነው። ዞር ብዬ ስፒከር ፈልጌያለሁ ወላሂ። የለም። በቪዲዮ ስትሰሙት ጩኸት የሚመስላችሁ ማይኩ አፉ ሥር ስለሆነ ነው፣ ድምፁ የተሠራው እኮ ለሩቅ ሰው ነው።

ሁዋን ዲዬጎ ፍሎሬዝን ሁለቴ ሰምቼዋለሁ፣ የፔሩ ልጅ ነው፣ ሊማ 1973። ድምፁ ትልቅ አይደለም፣ ቀጭንና ቀላል ነው፣ ግን እንዳሻው ያዞረዋል። ቦርከና ማዶ ወንድሜ፣ ቅላጼ ፈላጊ ከሆንክ እነሮሲኒ ከጻፏቸው ኦፔራዎች ጀምር፣ እዛ አንዷን ቃል ሃያ ጊዜ ነው የሚያጥፏት።

የሸክላ_ዘመን (ደሴ)

ልጆቼ ስለ ካሩሶ የተጠየቀውን እኔ ልመልስ፣ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። አባቴ በዘመነ ጣልያን ዱር የከረሙ ሰው ናቸው፣ ጣልያንን አይወዱም። ግን ከነፃነት በኋላ አንድ እዚሁ ቀርቶ ጋራዥ የከፈተ ጣልያን ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሸጠና አባቴ የሸክላ ማጫወቻውን ገዙት፣ ስድስት ሸክላም አብሮ ነበር። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ መዘውሩን ያዞሩት ነበር። እኔ መርፌ አቀባይ ነበርኩ። አንድ ፊት ከሦስት አራት ደቂቃ አይበልጥም፣ መርፌዋ ደሞ ቶሎ ትደንዛለች። ከስድስቱ ሁለቱ የቤኒያሚኖ ጂሊ፣ አንዱ የካሩሶ ነበር። አባቴ ስማቸውን ማንበብ አይችሉም፣ ጂሊን "ያ ማሩ" ይሉታል፣ ካሩሶን "ያ ጎልማሳው"። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላገኘሁም።

አሁን ካሩሶ ለምን እንዳልገባህ። ኔፕልስ 1873 ተወለደ፣ 1921 ሞተ። በኤሌክትሪክ ማይክ መቅዳት የተጀመረው 1925 ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ አንድም ሸክላ በኤሌክትሪክ ማይክ አልቀዳም ማለት ነው! ሚላን ሆቴል ክፍል ውስጥ በ1902 አስር ዘፈን ሲቀዳ ትልቅ ቀንድ የመሰለ ጡሩንባ ውስጥ ነው የዘፈነው፣ ጡሩንባው በድምፁ ጉልበት ብቻ መርፌዋን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌዋ ሰሙ ላይ ትጭራለች። ወፍራሙም ቀጭኑም ጫፍ ይቆረጣል። አንተ የምትሰማው ከድምፁ የተረፈውን ነው ልጄ። ስለዚህ እንደ ዛሬ ቅጂ አትስማው፣ በግድግዳ በኩል የጎረቤት ሰው እንደምትሰማ አድርገህ ስማው። ሦስት አራቴ ስትሰማ መንኮሻኮሹን ጆሮህ ይተወዋል፣ ከዛ ያ ወፍራም፣ ከታች እንደ ባሪቶን (ከቴነር ወፈር ያለው የወንድ ድምፅ) የሚያስተጋባ ደረት ይመጣል። ከሱ በፊት የነበሩት ቴነሮች ቀጠን ያሉ ነበሩ፣ እሱ ነው ድምፁን በደረት ያወፈረው፣ ኋላ የመጡት ሁሉ ወይ እሱን ተከተሉ ወይ እሱን ላለመምሰል ታገሉ።

ጦሳ_ሥር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁኑኑ ኢርፎን አድርጌ እሰማዋለሁ። "ያ ማሩ" የሚለው ገደለኝ። እርስዎ ጋ ሸክላው አሁንም አለ?

የሸክላ_ዘመን

ሸክላው ሁለት ቀርቷል፣ አንደኛው ተሰንጥቋል። ማጫወቻው ግን መዘውሩ ተሰብሯል፣ ሠሪ አጣሁ።

ጦሳ_ሥር

ጋሼ ይዘውልኝ ይምጡ፣ መዘውር ሠርቼ ባላውቅም እሞክራለሁ፣ ብር የሚባል ነገር እንዳያነሱ። ፒያሳ መጥተው ሞባይል ሠሪው ቢሉ ያሳዩዎታል።

ባቲ_ሰኞ_ገበያ (ባቲ)

አሰላሙ አለይኩም ያ ጀመዓ። እኔ ሥራዬ መንዙማ ነው፣ አጎቴ እግር ሥር ነው የተማርኩት። ጂሊ ስትሉ ገብቼ ሰማሁት፣ ሀቂቃውን ልንገራችሁ፣ አጎቴ ትዝ አሉኝ። አጎቴ ሲሸመግሉ ድምፃቸው ጉልበት አጣ፣ ግን ሐድራው ላይ መሐል ደርሰው ድምፃቸውን ጭራሽ ዝቅ ሲያደርጉት ድቤው ራሱ ይከተላቸዋል፣ ተቀባዩ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፣ ቤቱ ውስጥ የጀበና ድምፅ ነው የምትሰማው። ዝቅ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ከጮኸው የበለጠ ትንፋሽን መቆጣጠር ያስፈልጋል፣ ይሄን የሚያውቀው የሞከረ ነው። ከሆድህ ካልያዝከው ይንጠባጠባል። ጂሊም እዛች ግማሽ ድምፁ ላይ ሲደርስ የያዘው ከሆዱ ነው፣ እኔ ቋንቋውን ባላውቅም ትንፋሹን አውቀዋለሁ። አንዳንዴ ግን ሲቃ ያበዛል፣ ዘፈኑ ራሱ ሳያለቅስ እሱ ቀድሞ ያለቅሳል። እዛ ላይ አጎቴ ይበልጡታል።

ጦሳ ሥር፣ ያልከው ልክ ነው አብሽር።

ወልድያ_09

በበኩሌ ከፓቫሮቲ ወደየትም አልሄድም። ልክ ነው ዝቅ ማድረግ ከባድ ነው፣ ግን ከላይ ያለውን ነገር አታቅልሉት። ዶኒዜቲ የጻፈው አንድ አርያ (አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው) አለ፣ የሬጅመንቱ ልጅ ከሚባለው ኦፔራ፣ ዘጠኝ ጊዜ ላይኛው ዶ የሚባለው ኖታ ላይ ይወጣል፣ ዘጠኝ! በ1972 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ላይ ፓቫሮቲ ዘጠኙንም አንድ በአንድ እንደ ሚስማር መታቸው፣ ሕዝቡ 17 ጊዜ መጋረጃውን አስከፍቶ አስወጣው። ላይኛው ዶ 523 ኸርዝ ነው፣ መምህር ያርሙኝ፣ እና ያንን ኖታ ወንድ ልጅ በደረት ድምፅ ማውጣት የጀመረው ዱፕሬ የሚባል ፈረንሳይ ነው በ1831፣ ከዛ በፊት በስስ ድምፅ ነበር የሚያልፉት። ዱፕሬ ያንን ያወጣበትን ኦፔራ የጻፈው ሮሲኒ ራሱ ነገሩን አልወደደለትም፣ ሕዝቡ ግን አበደ። ሕዝብ ያበደው ወዶ አይደለም፣ አንድ ሰው አፋፍ ላይ ቆሞ ሳይወድቅ ስታየው ልብህ ቀጥ ይላል፣ ይሄም ጥበብ ነው። ፓቫሮቲ ደሞ አፋፉ ላይ ፈገግ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ሌሎቹ ሲወጡ ይጨንቁኛል።

ሐይቅ_ወ_ቪየና

ወልድያ፣ እውነትህን ነው። ግን የ1990ውን የሮም ኮንሰርት እስቲ እንደገና እየው፣ ፓቫሮቲ፣ ዶሚንጎ፣ ካሬራስ የዘፈኑበትን፣ የጣልያን ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዋዜማ። በኛ ሰኔ 30 ቀን 1982 ማለት ነው። ሰው ሁሉ ፓቫሮቲን ነው የሚያየው፣ እኔ ግን ካሬራስን። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሉኪሚያ ይዞት አይተርፍም ተብሎ ነበር። ተረፈ። ድምፁ እንደ በፊቱ ሙሉ አይደለም፣ ላዩ ላይ ትንሽ ይሻክራል፣ ፊቱም የገረጣ ነው፣ ግን ሲዘፍን የሚያስቀረው ነገር የለም። ነርስ ነኝ፣ ከዛ በሽታ የተነሣ ሰው ትንፋሽ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እሱ እዛ መቆሙ ለኔ ከዘጠኝ ዶ ይበልጣል።

ዶሚንጎ ደሞ ሌላ ነው፣ ሲጀምር ባሪቶን ነበር፣ ድምፁ ጠቆር ያለ ነው፣ ኦቴሎ የሚባለው ኦፔራ ላይ ኦቴሎን ሆኖ ሲጫወት ድምፅ መሆኑን ትረሱታላችሁ፣ ሰውየውን ነው የምታዩት።

የቦሩ_ልጅ

ቩንደርሊክን የሚያውቅ የለም?? ፍሪትዝ ቩንደርሊክ፣ ጀርመን። 1966 ላይ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ፣ 36 ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት። ከዘፈኑ በፊት ቀንድ ነፊ ነበር፣ ትንፋሹ ከዛ ነው። በቃ ሰምታችሁ ተመለሱ፣ ሌላ አልጨምርም።

ባቲ_ሰኞ_ገበያ

ሰማሁት። አላህ ያዘነለት ልጅ ነው። ምንም አይታገልም።

መቅደላ_አፋፍ

ሁላችሁም ትልቁን ነገር ረስታችኋል፣ በኛው ላይ የተጻፈ ኦፔራ አለ እኮ! የቨርዲ አይዳ። አይዳ ማለት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ግብፅ ተማርካ ባሪያ የሆነች። አባቷ አሞናስሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ ባሪቶን። ቴነሩ ራዳሜስ የግብፅ ጦር አዛዥ ነው፣ እኛን ሊወጋ እየተዘጋጀ የኛን ልጅ ይወዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ካይሮ ታኅሣሥ 1871 ነው። አስቡት፣ አፄ ቴዎድሮስ እዚህ መቅደላ ላይ ከሞቱ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፅ ገዥ ኸዲቭ ኢስማዒል ነው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ጦር ልኮ ጉንደትና ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ የተሸነፈው ያው ኢስማዒል። ታሪኩ ፈጠራ ነው፣ ስሞቹም የኛ አይደሉም፣ ግን እኔ ሦስተኛው ክፍል ላይ አይዳ አባይ ዳር ቆማ አገሬን ዳግመኛ አላይም ስትል ልረጋ አልችልም። አረብ አገር ያለች እህት አለችኝ። ተራራውን፣ ለምለሙን፣ ንጹሑን አየር ነው የምትጠራው፣ ይሄ የኛ ሰው የሚያንጎራጉረው ትዝታ ነው እንጂ ምንድነው?

ጦሳ_ሥር

መቅደላ እጅህን ልሳመው፣ ኮሬሊን ያቆየሁት ለዚሁ ነበር!

አይዳ ሲጀምር፣ ገና መጋረጃው ተከፍቶ ሰው ወንበር ሳይዝ፣ ቴነሩ ድምፁን ሳያሟሽ ቼሌስቴ አይዳ የሚለውን አርያ ይዘፍናል። ሰማያዊቷ አይዳ እንደማለት። አልቆ አልቆ መጨረሻዋ ኖታ ከፍ ያለች ሲ ቤሞል ናት፣ ቨርዲ እዛች ላይ በጣም በቀስታ፣ እየሞተ እየሞተ ይሂድ ብሎ ጽፏል። አብዛኛው ቴነር ግን በጉልበት ይመታታል፣ ጭብጨባ ያገኛል፣ አለቀ። ድምፅ እዛ ከፍታ ላይ ሆኖ ማሳነስ ስለሚያቅት ነው። ቶስካኒኒ የሚባለው የኦርኬስትራ መሪ በ1949 ሪቻርድ ታከርን ሲያዘፍን ታከር ጮክ ብሎ ከጨረሰ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲደግመው አድርጓል፣ እሱም መላ ነው።

ኮሬሊ ግን ከኦርኬስትራ መሪው ዙቢን ሜታ ጋር በቀዳው አይዳ ላይ፣ ጥርት ባለ ሙሉ ድምፅ ይወጣባታል፣ ያዛታል፣ ከዛ... ክር ስትፈትሉ አይታችኋል? እናቴ እንዝርቷን ለቃ ክሩ እየቀጠነ እየቀጠነ ሲሄድ አሁን ተበጠሰ ብዬ እጠብቃለሁ አይበጠስም። እንደዛ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አምስቴ ሰማኋት፣ የት ላይ እንዳለቀች ለይቼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ ኖታዋ ካለቀች በኋላም የምሰማት ይመስለኛል። እና ሰውየው መድረክ ሲፈራ ለጉድ ነበር ይባላል፣ ከመውጣቱ በፊት ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ። የፈራ ሰው ነው ያን ያህል ድምፅ ሊያሳንስ የደፈረው፣ ይሄ ነው የማይወጣልኝ።

መምህር_ዘሐይቅ

እዛች ላይ አንድ ልጨምር። ድምፅ ሲያንስ ያ 3000 ላይ ያለው ጉልበት ቶሎ ነው የሚጠፋው፣ ስለዚህ ተራ ዘፋኝ ሲያሳንሰው ድምፁ ይደበዝዛል፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ለቆመችው እህታችን አይደርስም። ኮሬሊ ትንሽ ሲሆን እንኳ መረዋነቱ አይለቀውም። ሙሉ ጥበቡ እዛ ነው።

የሸክላ_ዘመን

ስለ ቢዮርሊንግ ብዙ አልተባለም እና እንዳይረሳ። መጋቢት 1960 ለንደን ላ ቦኤም የሚባለውን ኦፔራ ሊዘፍን ሲል፣ የእንግሊዝ ንግሥት እናት አዳራሽ ተቀምጠው፣ ልቡን ታመመ። አረፍ ብሎ ወጣና ጨረሰው። በዛው ዓመት መስከረም ላይ በ49 ዓመቱ ሞተ። ዕንቁ አጥማጆቹ ከሚባለው ኦፔራ ከሮበርት ሜሪል ጋር በጋራ የዘፈነውን ዱኤት ስሙ፣ ሁለት ወንዶች ናቸው፣ ማንም ማንን ሊበልጥ አይሞክርም። ወልድያ፣ አንተ እንደምትለው አፋፍ ላይ ፈገግ የሚል ሌላ ሰው ብባል እሱን ነው የምጠራው።

ወልድያ_09

ጋሼ ሰማሁት። አመሰግናለሁ። ፓቫሮቲን አልተውኩም ግን ጎን ለጎን አድርጌያቸዋለሁ።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሦስት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ዛሬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ ኮሬሊን ከፈትኩት። ሐረጎን እየወጣን ነው፣ ሞተሩ እያቃሰተ፣ ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ፣ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱ አይታይም። ያቺ ኖታ መጣች። እኔ እንኳ ጩኸት ልጠብቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ስታንስ ስታንስ ሞተሩን መስማት ጀመርኩ፣ ግን እሷም አለች፣ ከሞተሩ ሥር። ረዳቱ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው የነቃሁት፣ ሒሳብ ሁለቴ ጠይቆኛል። ቅላጼ የላቸውም ያልኩትን አንስቻለሁ፣ እነሱ ቃሏን አያጥፏትም፣ ድምፁን ራሱን ነው የሚያጥፉት። አምባሰሌን ግን አልለቅም።

ጦሳ ሥር፣ እዛ ኦፔራ መጨረሻ ላይ ምን ይሆናሉ? ራዳሜስና አይዳ።

መቅደላ_አፋፍ

ራዳሜስ በክህደት ይፈረድበትና መቃብር ውስጥ በሕይወቱ ይዘጋበታል። ጨለማ ውስጥ አይዳን ያገኛታል፣ ቀድማው ገብታ ተደብቃ ጠብቃዋለች። ምድር ሆይ ደህና ሁኚ እያሉ ሁለቱም በቀስታ ነው የሚዘፍኑት፣ አንድም ጩኸት የለም።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሊንኩን ላኩልኝ። ነገ ስመለስ እሰማዋለሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ።